ከፍሳሽ መብራት? መጀመሪያ ውሃው ይጥራ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገናኙበት አካባቢ፣ አባ ሳሙኤል የሚባል ግድብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራ፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። ያኔ ለነበረችው ትንሽ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚያ ግን ከተማዋ አደገች። ከተማዋ ስታድግ አፈሩም፣ ቆሻሻውም፣ ፍሳሹም ቁልቁል እየወረደ ሐይቁን ሞላው፤ እምቦጭም ከላይ ለበሰው። ማመንጫው ቆመ። ለአሥርተ ዓመታት እንዲሁ ተቀምጦ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ እንደገና መዞር ጀመረ።

ተርባይኑ ታደሰ፤ ወንዙ ግን አልታደሰም። ዛሬም ከመዲናዋ የሚወርደው ውሃ ጥቁር ነው፤ ይሸታል። በዚያው ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይገባል።

ልብ ላለው ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው። ፍሳሽና መብራት በኢትዮጵያ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም። ባለፈው ሲገናኙ ፍሳሹ መብራቱን አጥፍቶታል።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹ ተስፋ በየቦታው ይሰማል። «ከፍሳሽ ቆሻሻ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ተቻለ»፣ «አልጌና ባክቴሪያ መብራት ይሰጣሉ» የሚሉ ዜናዎች ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራሉ። ከሥር የሚጻፈውም አስተያየት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «እኛ አገር ስንት ፍሳሽ እያለ!» የሚል።

ዜናው ውሸት አይደለም። ሳይንሱ እውነት ነው፤ አንዳንዱም ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የተበላሸው አሻሻጡ ነው። ይህን ቴክኖሎጂ እንደ ኃይል ማመንጫ የሚሸጡት ሰዎች፣ ሳያውቁትም ቢሆን፣ እየጎዱት ነው። ምክንያቱም በመብራት ከተመዘነ ይወድቃል። በውሃ ከተመዘነ ግን ለኢትዮጵያ መካከለኛና ትናንሽ ከተሞች ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

*ድር ቢያብር*

መጀመሪያ አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል። ፍሳሽ ውስጥ ያለውን ብስባሽ የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ሲበሉ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። በተለመደው ዘመናዊ ማጣሪያ ይህን ኦክስጅን የሚያቀርበው ትልቅ የአየር መንፊያ ማሽን ነው፤ ሌት ተቀን አየር ወደ ውሃው ይነፋል። ከጣቢያው የኤሌክትሪክ ፍጆታ ግማሽ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላዩን የሚውጠው ይህ ሥራ ነው።

አልጌ ይህን ማሽን ይተካል። በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን አልጌዎች እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ተክል የፀሐይ ብርሃን ይመገባሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባሉ፤ ኦክስጅን ያወጣሉ። ባክቴሪያው ያንን ኦክስጅን ወስዶ ብስባሹን ይበላል፤ በምላሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። አልጌው ደግሞ እሱን ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ጋር አዋህዶ ያድጋል። አንዱ የሚጥለው ለሌላው ምግብ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ በጉልህ ይታያል።

ይህን ጥምረት በሥርዓት አጥንተው ወደ ምሕንድስና የቀየሩት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ዊሊያም ኦስዋልድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥልቀታቸው ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሆኑ፣ እንደ መሮጫ መም ክብ የሚዞሩ ኩሬዎችን ነደፉ። ውሃውን በዝግታ የሚገፋ መቅዘፊያ አለ፤ ከዚያ በቀር የሚነፋም የሚሽከረከርም ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ከባልደረባቸው ክላረንስ ጎሉኬ ጋር ሆነው አንድ ተጨማሪ ሐሳብ አቀረቡ፤ አልጌው ተሰብስቦ አየር በሌለበት ማብላያ ውስጥ ይግባ፣ ሚቴን ጋዝ ይውጣ፣ ጋዙም ኤሌክትሪክ ያመንጭ የሚል። ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት የሚወራው ነገር ስልሳ ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

ሐሳቡ ወረቀት ላይ አልቀረም። በደቡብ ስፔን ቺክላና ዴ ላ ፍሮንቴራ በምትባል ከተማ፣ አኳሊያ የተባለው የውሃ ኩባንያ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የከተማውን ፍሳሽ በአልጌ ኩሬ እያጣራ፣ ከአልጌውና ከዝቃጩ በሚወጣው ጋዝ መኪና አስነድቷል። በደቡብ አውስትራሊያ ኪንግስተን ኦን መሪ የምትባል ትንሽ የገጠር ከተማም ፍሳሿን በእንዲህ ዓይነት ኩሬ ታጣራለች። የሁለቱም ቦታ ጋራ ሀብት አንድ ነው፤ ፀሐይና ሜዳ።

*ከረንት የሚያወጡት ባክቴሪያዎች*

ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ አስገራሚ ነው። ጋዝ ሳያስፈልግ፣ ሞተር ሳይዞር፣ ባክቴሪያው ራሱ ኤሌክትሪክ ይሰጣል።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳዩት በእንግሊዝ የደርሃም ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንቲስት ማይክል ፖተር ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1911 ነበር። ነገሩ ለብዙ ጊዜ እንደ ተራ ጉድ ተቆጥሮ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1987 ዴሬክ ሎቭሊና ባልደረቦቻቸው ከዋሽንግተን አጠገብ ከሚያልፈው፣ ብዙ ሐበሻ ከሚያውቀው የፖቶማክ ወንዝ ደለል ውስጥ አንድ ባክቴሪያ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። በኋላ ጂኦባክተር የተባለው ይህ ወገን ምግቡን ሲበላ የሚተርፈውን ኤሌክትሮን ከሰውነቱ አውጥቶ ወደ ብረት ማስተላለፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ የፔንስልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተራ የቤት ፍሳሽ ላይ ሞክረው፣ ፍሳሹ እየጠራ ኤሌክትሪክም እየወጣ አሳዩ።

አልጌው እዚህም ቦታ አለው። መሣሪያው ሁለት ወገን አለው። በአንዱ ወገን ባክቴሪያው ብስባሹን እየበላ ኤሌክትሮን ይለቃል። ኤሌክትሮኑ በሽቦ አልፎ ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል። እዚያ የሚቀበለው ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ አልጌው ኦክስጅኑን ያቀርባል።

እስካሁን በተግባር ከታዩት ሁሉ የታወቀው በእንግሊዝ የብሪስቶል ሮቦቲክስ ላብራቶሪ የሠራው ሽንት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኒቨርሲቲው ግቢና በግላስተንበሪ የሙዚቃ ፌስቲቫል ተተከለ፤ ከዚያ በኡጋንዳ ኪሶሮ ወደሚገኝ የሴቶች ትምህርት ቤት ደረሰ። ሽንቱን የሚበሉ ባክቴሪያዎች የሽንት ቤቱን አምፖሎች ያበራሉ። ማታ ወደ ሽንት ቤት ለመሄድ ጨለማ ለሚያስፈራት ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ቃሉን ልብ ይሏል፤ የሽንት ቤቱን አምፖሎች። ከተማን አይደለም። አንዱ የባክቴሪያ ባትሪ የሚሰጠው ቮልቴጅ ከአንድ ቮልት በታች ነው። ብዙዎቹን አያይዞ ስልክ መሙላት፣ ትንንሽ አምፖል ማብራት፣ የውሃ ጥራት የሚለካ መሣሪያ ማንቀሳቀስ ይቻላል። ከዚያ በላይ ያለው ለጊዜው የላብራቶሪ ጉዳይ ነው።

*ሒሳቡ*

እዚህ ላይ ስሜቱን ትቶ ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል።

አንድ ሄክታር የአልጌ ኩሬ ይታሰብ። ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቦታ ከአንድ ካሬ ሜትር በቀን 20 ግራም ያህል ደረቅ አልጌ ይገኛል ቢባል፣ ከሄክታሩ በቀን 200 ኪሎ ይወጣል። ይህ ማብላያ ውስጥ ገብቶ 45 ሜትር ኩብ ያህል ሚቴን ይሰጣል። ጋዙ በጄኔሬተር ተቃጥሎ በቀን ወደ 150 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይሆናል። ለ24 ሰዓት ሲካፈል 6 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ እንደሚወስድ ለሚያውቅ ሰው፣ ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ሙሉ ሄክታር መሬት ሁለት ምጣድ እንኳ በቅጡ አያሰማም።

አሁን ወደ ትልቁ እንሂድ ለሚል ደግሞ ቃሊቲ አለ። በዓለም ባንክ ገንዘብ የተስፋፋው የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲቀበል የተነደፈ ነው። እዚያ ዋናውን ሥራ የሚጀምሩት አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ብስባሹን ሲበሉ ጋዝ ያወጣሉ። ጣቢያው ሙሉ አቅሙን ቢያገኝ፣ ፍሳሹም መካከለኛ ክምችት ቢኖረው፣ ከጋዙ የሚገኘው ኃይል በግምት 1 ሜጋ ዋት አካባቢ ነው። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከአምስት ሺህ አንድ ማለት ነው።

ስለዚህ «ፍሳሽ የአገሪቱን የመብራት ችግር ይፈታል» የሚል ሰው ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እያለ ነው። ይህን ማለት የቴክኖሎጂው ጠላት መሆን አይደለም። እንዲያውም ወዳጁ መሆን ነው። ያለ ቦታው ቃል የተገባለት ነገር፣ ቃሉ ሲታጠፍ አብሮ ይቀበራልና።

*ያልተቃጠለው መብራት*

ሒሳቡ ግን እዚህ አያልቅም። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሁለተኛው ግማሽ ነው።

ያው አንድ ሄክታር ኩሬ፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ውሃው አምስት ቀን ቢቆይበት፣ በቀን 600 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ያስተናግዳል። አንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ፍሳሽ ያወጣል ቢባል የ7,500 ሰው ፍሳሽ ነው። ይህንኑ ውሃ በአየር መንፊያ ማሽን ማጣራት ለመንፋቱ ብቻ በሜትር ኩብ 0.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ቢፈጅ፣ በቀን 180 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል። መቅዘፊያው የሚበላው ከዚህ ጥቂቱን ብቻ ነው። አልጌው ከሚያመነጨው መብራት ይልቅ የሚያስቀረው ይበልጣል ማለት ነው።

ዋናው ነጥብ ይህ ነው። የአልጌና የባክቴሪያ ጥቅም ከሚሰጡት መብራት ይልቅ በማይጠይቁት መብራት ውስጥ ነው።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ይህ የሒሳብ ጨዋታ አይደለም። በአዲስ አበባ አንዳንድ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ዘመናዊ የሜምብሬን ማጣሪያዎች ተተክለዋል። የሚያወጡት ውሃ በጣም ጥሩ ነው፤ ቦታም አይፈጁም። ነገር ግን ከማጣሪያ ዓይነቶች ሁሉ መብራት ጠጪዎቹ እነሱ ናቸው፤ መለዋወጫቸውም በዶላር ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንዲት ጠብታ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ተብሎ የተሠራለት ማጣሪያም ያደንቁታል፤ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠብታ መመለስ ግን ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ኢንዱስትሪ ፓርክ ይህን ወጪ ሊችል ይችላል። ወርሐዊ ደሞዝ ለመክፈል የሚቸገር የከተማ አስተዳደር አይችልም።

መብራት ሲጠፋስ? የአየር መንፊያው ይቆማል፤ ባክቴሪያው ይታፈናል፤ ፍሳሹ እንደመጣ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ኩሬው ግን ፀሐይ እስካለች ድረስ ሥራውን አያቋርጥም። መብራት ለሚቆራረጥበት ከተማ መብራት የማይጠይቅ ማጣሪያ ከሁሉ በፊት ሊታሰብ ይገባው ነበር።

የሚገርመው አዲስ አበባ ይህን ታውቀዋለች። የመጀመሪያው የቃሊቲ ጣቢያ ራሱ ተከታታይ ኩሬዎች ነበሩ። እዚያ ለዓመታት አልጌና ባክቴሪያ ማንም ሳያሞግሳቸው፣ ያለ ዜናና ያለ ሪባን፣ አብረው ሲሠሩ ኖረዋል። የኦስዋልድ ኩሬ ያንኑ አሳጥሮ፣ አፍጥኖና አልጌውን ለመሰብሰብ አመቻችቶ የሚሠራ ታናሽ ወንድሙ ነው።

*አልጌው አይቀርም*

አንዳንዱ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ «የተማረ ሰው ቅንጦት ነው፤ ወንዝ ራሱን ያጸዳል» ሊል ይችላል። ለዚህ መልሱ ቆቃ ነው።

የአቃቂ ውሃ ከአባ ሳሙኤል አልፎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ቆቃ ይተኛል። ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ የተገነባ፣ እሱም የኃይል ማመንጫ ግድብ ነው። በዚያ ሐይቅ ላይ ማይክሮሲስቲስ የተባለ፣ መርዝ የሚያመነጭ አረንጓዴ ነገር ይንሳፈፋል። ብዙ ጊዜ አልጌ ቢባልም በዘሩ ባክቴሪያ ነው። ጉበት ይጎዳል። ሌላ ውሃ የሌለው የአካባቢው ሰው ግን እሱኑ ሲቀዳ ኖሯል።

ማይክሮሲስቲስን የሚመግበው ምንድን ነው? ናይትሮጅንና ፎስፈረስ። ከየት ይመጣል? ከማሳ ከሚታጠብ ማዳበሪያ፣ ከከብት እበት፣ ከሰው ፍሳሽ። አቃቂ ላይ ያልተጣራው ቆቃ ላይ ይበቅላል።

እንግዲህ ምርጫው «አልጌ ይኑር ወይስ አይኑር» አይደለም። ማዳበሪያው ውሃ ውስጥ እስካለ፣ ፀሐይም እስካለች አረንጓዴው ነገር መብቀሉ አይቀርም። ምርጫው የት ይብቀል ነው። ጥበቃ ባለበት፣ በሚታጨድበት ኩሬ ውስጥ ይብቀል ወይስ እናት ልጇን በምታጠጣበት ሐይቅ ላይ?

ከኩሬው የሚታጨደው ደግሞ ዋጋ አለው። ኢትዮጵያ በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ለማዳበሪያ ትከፍላለች። ከውጭ የሚገዛው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በእህል መልክ ወደ ከተማ ይገባል፤ ተበልቶ በፍሳሽ መልክ ወደ ወንዝ ይወርዳል። አልጌው ከመንገድ ላይ ይይዘዋል። ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭ በአግባቡ ከታከመ ወደ ማሳ መመለስ ይችላል። በዶላር የተገዛ ነገር አንድ ጊዜ ተበልቶ ሐይቅ እንዲመርዝ መተው፣ በየትኛውም ኢኮኖሚ ስሌት ብክነት ነው።

*እውነተኛዎቹ እንቅፋቶች*

ችግሮቹን መደበቅ አያስፈልግም።

አንደኛው መሬት ነው። የቃሊቲን ያህል ፍሳሽ በአልጌ ኩሬ ብቻ ለማጣራት ከ160 ሄክታር በላይ ያስፈልጋል። የመሬት ሊዝ እንደ ወርቅ በሚሸጥበት አዲስ አበባ ይህ አይታሰብም። ስለዚህ ዋናው ቦታው አዲስ አበባ መሐል አይደለም። 30 ሺህ ሕዝብ ላላት ከተማ ግን 4 ሄክታር ይበቃል። ዩኒቨርሲቲዎች፣ የስደተኛ ካምፖች፣ ከዋና ከተማ ውጭ ያሉ ሆስፒታሎችና ማረሚያ ቤቶች ግቢያቸው ሰፊ ነው።

ሁለተኛው አየሩ ነው። አየር የማይፈልጉት ባክቴሪያዎች ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይበረታሉ፤ የደጋ ሌሊት ያደክማቸዋል። በክረምት ደመናው አልጌውን ያቀዘቅዘዋል፤ ጎርፉም ፍሳሹን ያቀጥነዋል። በሌላ በኩል አገሪቱ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ አውሮፓ በክረምት የምታጣው ብርሃን እዚህ ዓመቱን ሙሉ አለ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያሉ ከተሞች ደግሞ ሙቀቱም ሜዳውም አላቸው። ተፈጥሮ ራሷ ምስክር ናት፤ በቢሾፍቱ አካባቢ ያለው የአረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ስፒሩሊና የተባለው አረንጓዴ ነገር ስለሚሞላው ነው። ከፍሳሽ የሚገኘው አልጌ ግን እንደዚያኛው ለምግብ አይሆንም፤ ይህ በግልጽ መነገር አለበት።

ሦስተኛው ማጨዱ ነው። አልጌው እጅግ ጥቃቅን ስለሆነ ከውሃው መለየት ከባድ ነው፤ በውድ ማሽን ከተለየ የተቆጠበው ገንዘብ ሁሉ እዚያ ያልቃል። ባክቴሪያና አልጌ ተያይዘው እንዲከብዱና በራሳቸው ወደ ታች እንዲዘቅጡ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ግን የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል።

አራተኛው መርዝ ነው። የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም አልጌው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ያ ዝቃጭ ማሳ ላይ መጣል የለበትም። ስለዚህ የቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ፍሳሽ በአንድ ቱቦ መሄድ የለባቸውም። የፋብሪካውን ፋብሪካው ደጃፍ ላይ ማከም ይቻላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በባዮ ኢኖቬት መርሃ ግብር ሞጆ ላይ ለቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎችንና ሰው ሠራሽ ረግረግን አጣምረው ሞክረዋል። ዕውቀቱ አገር ውስጥ አለ። የሚያስገድድ ሕግ ማስፈጸም ነው የቀረው።

አምስተኛውና ትልቁ እንክብካቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ 14 ሺህ ማብላያ ሊገነባ አቅዶ 8 ሺህ ገደማ ላይ ቀረ። ከተገነቡትም ውስጥ ውሃ በማጣት፣ እበት በማነስና ጠጋኝ በማጣት የቆሙ አሉ። ባክቴሪያ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ እንደ ከብት ነው። የሚያየው ሰው ከሌለ ይሞታል። ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ሁልጊዜ ይገኛል። ጠዋት ጠዋት ኩሬውን እየዞረ ቀለሙን የሚያይ፣ ሽታውን የሚለይ፣ መቅዘፊያውን የሚቀባ ሠራተኛ ግን ደሞዙ በበጀት ካልተያዘ አይገኝም።

*የረጲ ትምህርት*

በመብራት መሸጥ ለምን አደገኛ እንደሆነ የሚያሳይ ቅርብ ምሳሌ አለ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። የተወራው 25 ሜጋ ዋት ነበር። በየዜናው የተደጋገመው ቁጥር እሱ ነው። እዚያ ሰፈር ያለች እናት የምትጠይቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ክምሩ ቀነሰ ወይ? ልጄ ደኅና ይተኛል ወይ? ጣቢያው መመዘን የነበረበት በዚህ ጥያቄ ነበር።

ፍሳሹም ላይ ያው ስህተት እንዳይደገም ያሰጋል። አንድ ሚኒስትር «ከፍሳሽ ይህን ያህል ሜጋ ዋት» ብሎ ቃል ቢገባ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ጋዜጠኛ መጥቶ ሜጋ ዋቱን ይጠይቃል። አይኖርም። ፕሮጀክቱ «ከሸፈ» ይባላል። ውሃው ግን በደንብ ጠርቶ ሊሆን ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ይህን ነው።

*ታዲያ ምን ይደረግ?*

አንደኛ፣ መለኪያው ይቀየር። የማንኛውም የፍሳሽ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ቁጥር ስንት ሜትር ኩብ ውሃ ምን ያህል ጠራ የሚለው ይሁን። መብራቱ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ መስመር ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ቃሊቲ ላይ ያለው ነገር ይነገር። ጣቢያው በቀን ስንት ፍሳሽ ይቀበላል? ስንት ጋዝ ያወጣል? ጋዙ ይቃጠላል፣ ይለቀቃል ወይስ ለራሱ ለጣቢያው ይውላል? ሚቴን ዝም ብሎ ከተለቀቀ አየሩን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ ያሞቃል። 1 ሜጋ ዋት ለአገር ኢምንት ቢሆንም የጣቢያውን የራሱን ፍጆታ ለመሸፈን ሊበቃ ይችላል። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን እነዚህን ቁጥሮች በየወሩ ለሕዝብ ቢያወጣ ምንም አይጎዳም።

ሦስተኛ፣ ሙከራው በትንሹ ይጀመር፤ ግን በእውነተኛ ፍሳሽ፣ በእውነተኛ ከተማ። በየዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ውስጥ በብልቃጥ የሚሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ከብልቃጡ ወደ ኩሬው የሚያሻግር ገንዘብ ነው የጠፋው። ተማሪዎቿ አሥር ሺህ የሆኑ አንዲት ዩኒቨርሲቲ የራሷን ፍሳሽ በራሷ ግቢ ብታጣራ፣ ማጣሪያም መማሪያም አገኘች ማለት ነው።

አራተኛ፣ የኮንዶሚኒየምና የአዳዲስ ከተሞች ፕላን ሲወጣ ለኩሬ የሚሆን መሬት ከመጀመሪያው ይከለል። ቤቱ ከተሠራ በኋላ መሬት መፈለግ ዘግይቷል።

አምስተኛ፣ የሠራተኛው ደሞዝ ከግንባታው ጋር አብሮ ይጻፍ። የአሥር ዓመት የሥራ ማስኬጃ በጀት የሌለው ማጣሪያ ባይጀመር ይሻላል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ለዜና የሚሆን አይደለም። «አራት ሄክታር ኩሬ ተቆፈረ» ብሎ ስልክ ለስልክ የሚልክ ሰው የለም። ግን የኢትዮጵያ ከተሞች በፍጥነት እያደጉ ነው። ከአዲስ አበባ ነዋሪ እንኳ ገና ብዙው ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ ሌሎቹ ከተሞች አቃቂ የሄደበትን መንገድ አሁን እየጀመሩት ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ወንዝ ወይም አንድ ሐይቅ አላቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእነሱ ነው። ለአቃቂ ትንሽ ዘግይቷል።

የአባ ሳሙኤል ተርባይን ዛሬ ይዞራል። የሚያዞረው ውሃ ግን ማንም ደፍሮ እጁን የማይነክርበት ነው። አንድ ቀን የአካባቢው ሕፃን በዚያ ውሃ ቢዋኝ፣ ያን ጊዜ አልጌውና ባክቴሪያው ስንት ኪሎ ዋት እንዳመነጩ የሚጠይቅ አይኖርም።